የድርጅት ሠራተኞችን ስፓኒሽ ማስተማር፦ በአማርኛ ላይ የሚቆም ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

ሐዋሳ ውስጥ ስፓኒሽ ለማን ያስፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ ቀድመው ትዝ የሚሉት በሐይቁ ዳር የተደረደሩት ሆቴሎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሲዳማና ከጌዴኦ ቡና እየገዛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ፣ እንዲሁም ወደ አርባ ምንጭና ወደ ደቡብ ኦሞ የሚያልፉ ጎብኚዎችን የሚያስተናግድ አስጎብኚ ሁሉ አንድ ቀን ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይቀናው ደንበኛ ሊገጥማቸው ይችላል። ቋንቋው በ20 አገሮች የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፉን የፈታበት ሲሆን በአህጉራችንም ኢኳቶሪያል ጊኒ ትሠራበታለች። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ዓይነቱን ሥልጠና እንዲያዘጋጁ ኃላፊነት ለተሰጣቸው የሰው ኃይል አስተዳደርና የሥልጠና ባለሙያዎች ነው።

እኔ በዚህ ከተማ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዙር የስፓኒሽ ሥልጠና አስተባብሬአለሁ። የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም፤ በዘጠኝ ሰዎች ተጀምሮ በሦስት ሰዎች አለቀ። ምክንያቱን ሳጣራ አሠልጣኙም ሰነፍ አልነበረም፣ ሠራተኞቹም ፍላጎት አላጡም። ጥፋቱ የእኔ የዝግጅት ጥፋት ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ገዝቼ ሠራተኞቻችን ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው እንዲደርሱበት አደረግሁ። እንግሊዝኛቸው ያልጠነከረው በሁለት ቋንቋ መካከል ተጨነቁ፤ እንግሊዝኛቸው የጠነከረው ደግሞ የእንግሊዝኛን አነባበብና የዓረፍተ ነገር አሠራር ይዘው ስለ ገቡ የስፓኒሹ ድምፅ ከአፋቸው ጠፋ። በሁለተኛው ዙር ማብራሪያውን በሙሉ ወደ አማርኛ መለስነው፤ የተመዘገቡት ስምንት ሰዎችም ሁሉም እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልምድ ነው፤ ለእኛ ሠራተኛ ወደ ስፓኒሽ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ አማርኛ ነው።

ከመጽሐፉ በፊት ፋይሉን መክፈት

ሥልጠናው የሚጀምረው አሠልጣኝ ከመፈለግ ሳይሆን ድርጅቱ በስፓኒሽ ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚጽፍና ምን እንደሚሰማ ለይቶ ከማወቅ ነው። ለዚህም ያለፉትን 12 ወራት የደብዳቤ ልውውጥ፣ ኢንቮይስ፣ የናሙና መላኪያ ቅጽና የስልክ መዝገብ አውጥቶ ስፓኒሽ የሚጠይቀውን ለብቻው ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ከዚያም እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው አስቀምጦ «ስፓኒሽ ብትችል ኖሮ ባለፈው ወር የትኛው ሥራ ይቀልልህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «ቋንቋውን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም «አዎን» ብሎ ይመልሳልና።

በእኛ ድርጅት ይህን ስናደርግ የወጣው ዝርዝር ከጠበቅነው እጅግ ጠባብ ሆኖ አገኘነው። የመጋዘን ኃላፊው የሚፈልገው የጆንያ ቁጥር፣ ክብደትና የጎደለ ዕቃ መግለጽ ነበር። የቅምሻ ክፍሉ ባለሙያ ስለ ቡናው ጣዕም ገዢው የጻፈውን መረዳት ትፈልግ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ናሙና መድረሱን መጠየቅ፣ ቀን መቁረጥና ስለ ዘገየ ጭነት በጨዋ ቋንቋ ማስረዳት ይፈልጋል። የእነዚህን ሁሉ ዓረፍተ ነገር ብንደምረው ከ150 አይበልጥም ነበር። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ቤተሰብ ዛፍና ስለ ክፍል ዕቃዎች የሚያስተምረው የመጽሐፉ መጀመሪያ ከእነዚህ አንዱንም አልነካም።

ስለዚህ የሥልጠናው መጽሐፍ ራሱ ከድርጅቱ ፋይል ይውጣ። የገዢውን ስምና ዋጋውን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ እውነተኛውን ደብዳቤ ማባዛት ከማንኛውም የታተመ መልመጃ ይሻላል፤ ሠራተኛው የሚያነበው ነገር ነገ ጠረጴዛው ላይ የሚመጣ መሆኑን ያውቃልና ትኩረቱ ሌላ ነው። ለሆቴል ከሆነ የምዝገባ ቅጹ፣ የምግብ ዝርዝሩና የእንግዳ ቅሬታ መዝገቡ፣ ለልብስ ፋብሪካ ከሆነ የጥራት መቆጣጠሪያ ቅጹና የመለኪያ ሠንጠረዡ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ።

አሠልጣኙን ማግኘት

በአገራችን ስፓኒሽ የሚችል ሰው ጨርሶ የለም የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ስህተት ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ሄደው፣ በተለይም የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ተምረዋል፤ ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያና መምህር ሆነው ተመልሰዋል። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም ስፓኒሹ ከአፋቸው አልጠፋም። እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም ቋንቋ በልጅነታቸው የኖሩበት በመሆናቸው አንድ አማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ከራሳቸው ያውቃሉ። የሁለተኛው ዙር አሠልጣኛችን ከእነርሱ አንዱ ነበሩ፤ እኛም ከጋሽ በቀር በሌላ አንጠራቸውም ነበር።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የኩባ አነጋገር የራሱ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን ስ ያላሉታል ወይም ይውጡታል፤ «ሎስ ሳኮስ» (ጆንያዎቹ) የሚለው ሲነገር ወደ «ሎ ሳኮ» ይጠጋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን ደንበኞቻችሁ ከማድሪድ ወይም ከሜክሲኮ ከሆኑ የእነዚያን አገሮች ድምፅ በቅጂ ማሰማት ተገቢ ነው። ከስፔን ውጭ ባሉት አገሮች በአብዛኛው ስ ተብሎ የሚነበበው «ሴታ» የተባለው ፊደል በስፔን አብዛኛው ክፍል ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገር ሲሆን ይህ ድምፅ በአማርኛ የለም። ሠራተኞቻችሁን በዚህ አታድክሟቸው፤ ስ ብለው ቢናገሩ ስፔንም ውስጥ ሆነ በላቲን አሜሪካ በሚገባ ይግባባሉ።

አሠልጣኝ ከመቅጠራችሁ በፊት የትምህርት ማስረጃውን ብቻ አትመልከቱ፤ ለግማሽ ሰዓት በራሳችሁ ሠራተኞች ፊት እንዲያስተምር ጠይቁት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማን ብዙ እንደ ተናገረ በሰዓት ለኩ። አሠልጣኙ 25 ደቂቃ ተናግሮ ሠራተኞቹ 5 ደቂቃ ከተናገሩ ሌላ ሰው ፈልጉ። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው ከመረጣችሁ ደግሞ ሰዓቱን አስሉ፤ ኮሎምቢያ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን በሐዋሳ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ ለሁለቱም ወገን ይመቻል። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የሚሠራበት ድምፅና ወረቀት ግን አስቀድሞ በስልክ ላይ ወርዶ መቀመጥ አለበት።

ሰዓቱንና ቡድኑን መወሰን

አሠሪዎች ብዙ ጊዜ «በሦስት ወር ይናገራሉ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በቀጥታ መመለስ ያስፈልጋል። በእ.ኤ.አ. 2001 የወጣው የአውሮፓ የጋራ የቋንቋ መለኪያ ችሎታን ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ማለትም ራስን ማስተዋወቅን፣ ቀላል ጥያቄ መጠየቅንና ቁጥር መስማትን ለመጨረስ 60 ያህል የክፍል ሰዓት መመደብ የተለመደ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢማሩ ይህ 20 ሳምንት ይፈጃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ሙሉ ቀን እየተማሩ ለሥራ የሚበቃ ስፓኒሽ ለመያዝ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት እንደሚመደብላቸው ቢታወቅ የአሠሪው ጥያቄ ምን ያህል ከእውነታው የራቀ እንደ ሆነ ይታያል። በ20 ሳምንት ውስጥ ሙሉ ተናጋሪ አይገኝም፤ የተመረጡትን 150 ዓረፍተ ነገሮች ያለ ፍርሃት የሚጠቀም ሠራተኛ ግን ይገኛል፤ እኛም አግኝተናል።

ጊዜው ከሥራው ወቅት ጋር ካልተስማማ ሥልጠናው ይሞታል። ቡና ላይ የሚሠራ ድርጅት የቀይ እሸት ግዢ በሚጦፍበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የመስክ ሠራተኛውን ክፍል ውስጥ አያገኘውም። ሆቴል ደግሞ በገናና በጥምቀት ሰሞን ሠራተኛውን ሊለቅ አይችልም። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ሳምንትም ክፍል መጥራት ከንቱ ነው፤ ቀኑ አያንቶ በሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች የከዋክብት ቆጠራ የሚወሰን ስለ ሆነ ፕሮግራሙን ከማተም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍሉ ከሥራ ሰዓት ላይ ይቀነስ እንጂ ከሥራ በኋላ አይሁን። ልጅ የምታሳድግ ሠራተኛ በ11 ሰዓት ተኩል ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ልቧ ቤቷ ነው፤ የድርጅቱን ሥራ የሚጠቅም ትምህርት ከሆነ ድርጅቱ ሰዓቱን ይክፈል።

ስለ ቡድኑ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይሉኝታ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን አለቃና ምንዝር አብረው ከተቀመጡ ምንዝሩ አፉን አይከፍትም። በመጀመሪያው ዙር የክፍል ኃላፊዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስለ ነበር ከኋላዋ ያሉት ሁለት ወጣቶች ለአራት ሳምንት አንድ ቃል ሳይናገሩ ቆዩ። ሰውየው ቋንቋውን ስላላወቀ አይደለም ዝም የሚለው፤ በአለቃው ፊት ተሳስቶ መታየት ስለሚከብደው ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው መለያየት ነው። ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ዙር ያደረግነው፣ አለቃው በየክፍሉ መጀመሪያ ቀድሞ እንዲናገርና ቀድሞ እንዲታረም መስማማት ነው። አሠልጣኙ አለቃውን በአክብሮት ሲያርሙትና አለቃው «እሺ ጋሽ፣ ልድገመው» ሲል ሌሎቹ ያዩ ዕለት ክፍሉ ተለወጠ።

ድምፁን ከፊደላችን መጀመር

ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ አለው፤ አምስቱም በአማርኛ አሉ። ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሣልስ፣ ሳብዕና ካዕብ ናቸው። ግዕዝና ሳድስ የሉትም። ይህ ማለት አናባቢ ያለውን የስፓኒሽ ድምፅ በፊደላችን ስንጽፍ «መ» እና «ም» ሳይሆን ሁልጊዜ «ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ» እንጠቀማለን። ሠራተኛው «ዴ» የሚለውን «ደ» ብሎ ማንበብ የሚጀምረው የላቲኑን ፊደል በእንግሊዝኛ ልማድ ሲያይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቃሉን ከላቲኑ ፊደል ጎን በግዕዝ ፊደል መጻፍን አሳፋሪ አድርገው የሚቆጥሩ አሠልጣኞች አሉ፤ እኔ ግን በጽኑ እመክረዋለሁ።

ሌሎቹም ጥቅሞች ቀላል አይደሉም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩበት «ኤኜ» የተባለው ፊደል የእኛው ኘ ነው። «ቤ» እና «ኡቤ» የተባሉት ሁለት ፊደሎች በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ብ ናቸው፤ በአናባቢ መካከል ሲገቡም «አበባ» በምንልበት ጊዜ እንደሚሆነው ይላላሉ። ስለዚህ ቭን ለመጥራት ለዓመታት ሲታረም የኖረ ሰው እዚህ ላይ ዕረፍት ያገኛል። ቃሉ በስና በሌላ ተነባቢ እንዳይጀምር ከፊት አናባቢ መጨመርም የሁለቱም ቋንቋዎች ልማድ ነው፤ እኛ «እስክሪፕቶ» እንላለን፣ እነርሱ «ኤስኩዌላ» ይላሉ። ጥንቃቄው የእነርሱ ኤ በደንብ የሚነገር ኃምስ መሆኑ ላይ ነው።

ጠብቆና ላልቶ መነገርን በተመለከተ፣ «ፔሮ» የሚለው ቃል ረው ሲላላ «ግን»፣ ረው ሲጠብቅ «ውሻ» ማለት ነው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ የጠበቀው ረ ደግሞ «በረረ» ውስጥ ያለው ነው። የሚያስቸግረን ሌላ ነገር ነው፤ በስፓኒሽ ድምፁ የሚጎላበት ቦታ ትርጉም ይለውጣል። «ፓጎ» ሲባል ፓ ከጎላ «እከፍላለሁ» ነው፤ ጎ ከጎላ «ከፈለ» ነው። ስለ ክፍያ በስልክ የሚነጋገር ሰው ይህን መለየት ግዴታው ነው። በመሠረቱ ቃሉ በአናባቢ፣ በን ወይም በስ ካለቀ ከመጨረሻው በፊት ያለው ይጎላል፤ በሌላ ካለቀ የመጨረሻው ይጎላል፤ ከዚህ የወጣ ቃል ሁሉ በላዩ ጭረት ይደረግበታል። ስለዚህ በጽሑፍ ጭረቱን መርሳት ፊደል ከመሳት እኩል ስህተት ነው።

በሐዋሳ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙ ሠራተኞች በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ የተማሩ ስለ ሆኑ የላቲን ፊደል ያውቃሉ፤ ግን ያወቁት በሌላ ድምፅ ነው። በኦሮምኛ ንባብ ጭ የሆነው ፊደል (c) በስፓኒሽ እንደ አገባቡ ክ ወይም ስ ነው፤ ጥ የሆነውም (x) ክስ ይሆናል። እነዚህን ሠራተኞች ገና በመጀመሪያው ቀን ለይቶ ልዩነቱን በአንድ ገጽ ማሳየት ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

የዓረፍተ ነገሩን ሥራ በአማርኛ ማስረዳት

በሁለተኛው ዙር በጣም የተገረምኩት በዚህ ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፍ አሥር ገጽ የሚያባክንባቸው ነገሮች ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም ማብራሪያ አይሹም። «ሄድኩ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፤ ስፓኒሽም ግሡ ውስጥ ባለቤቱን ስለሚይዝ እንዲሁ ነው። «ሜ ጉስታ ኤስቴ ካፌ» ሲባል ቃል በቃል «ይህ ቡና ደስ ይለኛል» ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲታሰብ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። የመጋዘን ኃላፊው የሚፈልገው «ሜ ፋልታ ኡን ሳኮ» ደግሞ «አንድ ጆንያ ይጎድለኛል» ነው። የመጋዘን ኃላፊው ይህን በሰማ ዕለት መዝገቡን ዘግቶ «ይህማ የእኛ ነው» አለ፤ ከዚያም በኋላ ሳይጠየቅ ሁለት ጆንያ ሲሆን ግሡ «ሜ ፋልታን» ሆኖ እንደሚበዛ ራሱ ደረሰበት።

የአክብሮት አነጋገሩ ከሁሉም ይበልጥ ይመሳሰላል። «ቱ» አንተና አንቺ ነው፤ «ኡስቴድ» እርስዎ ነው። አንድን ሰው በአክብሮት ስናዝዝ በአማርኛ «ላክልኝ» የሚለው «ይላኩልኝ» ይሆናል፤ በስፓኒሽም «ኤንቢያሜ» የሚለው «ኤንቢዬሜ» ይሆናል። በሁለቱም ቋንቋ ትእዛዙ ወደ ሦስተኛ መደብ የምኞት መልክ ይለወጣል፣ በሁለቱም «ለእኔ» የሚለው ከግሡ መጨረሻ ላይ ይጣበቃል። ሥልጠናውን በኡስቴድ መጀመር የሚበጀው ለዚህ ነው። ስፔናውያን በፍጥነት ወደ ቱ የሚሻገሩ መሆናቸውን ግን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሠራተኛችን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። በአንጻሩ በኮሎምቢያ በብዙ ቦታ ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር ሳይቀር በኡስቴድ ይነጋገራሉ።

በእኛ ዘንድ «ነው» እና «አለ» የሚሠሩትን ሥራ ስፓኒሽ በሦስት ቃል ያከፋፍለዋል። የነገሩ ማንነት ከሆነ «ኤስ»፣ የታወቀው ነገር ያለበት ቦታ ከሆነ «ኤስታ»፣ ያልተወሰነ ነገር መኖሩ ብቻ ከሆነ «አይ» ነው። «ቡናው መጋዘን ውስጥ አለ» ስንል «ኤል ካፌ ኤስታ ኤን ኤል አልማሴን»፤ «መጋዘን ውስጥ ቡና አለ» ስንል ግን «አይ ካፌ ኤን ኤል አልማሴን» ይሆናል። በ«ቡናው» እና በ«ቡና» መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው መንገዱን አጋምሶታል።

ከባድ የሚሆንብን የቃላት ቅደም ተከተልና ጾታ ነው። ግሡን ወደ መጨረሻ የመግፋት ልማዳችን እስኪተው ጊዜ ይፈጃል። ጾታም በእኛ ዘንድ «ቤቱ» ወይም «ቤቲቱ» እንደ ተናጋሪው ስሜት ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ቃሉ ጋር የተወለደ ነው፤ ስለዚህ «ሳኮ» ብቻ ሳይሆን «ኤል ሳኮ»፣ «ፋክቱራ» (ኢንቮይስ) ብቻ ሳይሆን «ላ ፋክቱራ» እያሉ ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከፊቱ ከሚገባው «ኤል» ወይም «ላ» ጋር ማጥናት እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

የቃላቱን መዝገብ ለማስያዝ ከጎረቤት መጀመር ጥሩ ነው። «አልማሴን» እና መጋዘን ከአንድ የዐረብኛ ሥር የመጡ ናቸው፤ «አሴይቴ» ዘይት፣ «አሱካር» ስኳር፣ «አሮስ» ሩዝ፣ «ታሪፋ» ታሪፍ ናቸው። ከጣልያንኛ በኩል የገቡልንም ብዙ ናቸው፤ ፋብሪካ፣ ጎማና ቦርሳ («ቦልሳ») የታወቁ ናቸው። «ማኪና» ግን በስፓኒሽ በአብዛኛው ማሽን እንጂ ተሽከርካሪ አይደለም፤ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ «የስፌት መኪና» የሚለውን ይዞ ቢያስብ አይሳሳትም። «ካሚዮን» በስፔን የጭነት መኪና ሲሆን በሜክሲኮ አውቶቡስም ይባልበታል።

ቁጥር፣ ሰዓትና ስም

ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ከ60 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አሥሩን ለዚህ መድቡ። በስፔን፣ በኮሎምቢያና በአርጀንቲና ነጥብ ሺህን ይለያል፣ ኮማ አሥርዮሽን ይለያል። በሜክሲኮና በአብዛኛው የመካከለኛው አሜሪካ ግን እንደ እኛው ነው። ከሥልጠናው በፊት ከስፔን በመጣ ደብዳቤ ላይ «2.400 ኪሎ» የሚል ተጽፎ አንድ ሠራተኛችን ሁለት ኪሎ ከ400 ግራም የናሙና ጥያቄ አድርጎ መዝግቦት ነበር። ገዢው የጠየቀው ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ፣ ማለትም ባለ 60 ኪሎ 40 ጆንያ ነበር። ደብዳቤው ለናሙና ክፍል ተመርቶ አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ መጀመሪያ አምስት ቁጥር በቃል እየተነበበ ሠራተኞቹ በሁለቱም አጻጻፍ ይጽፋሉ። ሙሉ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ ማለትም «19.200» ኪሎ መሆኑን በስፓኒሽ ሰምቶ የሚጽፍ ሰው በስልክ አይደናገርም።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «አ ላስ ዲዬስ» አሥር ሰዓት ማለት ነው፤ ግን የእነርሱ አሥር ሰዓት ነው። ስፔን በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ ከመጋቢት ወር አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ደግሞ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር የማድሪድ ገዢ በጠዋቱ አሥር ሰዓት እደውላለሁ ካለ በሐዋሳ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በሰኔ ከሆነ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ማስላት አለበት፤ አንድ ጊዜ የአገሩን ልዩነት፣ አንድ ጊዜ የአቆጣጠራችንን ስድስት ሰዓት። ይህን በጭንቅላት እንዲሠራ አትጠብቁ፤ ከስልኩ ጎን በሁለቱ ወቅቶች የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ለጥፉ። የቀን መቁጠሪያውንም በዚያው ላይ አድርጉ፤ በስፔን በነሐሴ ወር ብዙ ቢሮዎች ለዕረፍት እንደሚቀዘቅዙ ማወቅ የጭነት ቀን ለሚወስን ሰው ይጠቅመዋል።

ስምን በተመለከተ ስፓኒሽ ተናጋሪ በአብዛኛው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ የመጀመሪያው በልማድ የአባቱ ሲሆን የሚጠራውም በእርሱ ነው። ጋርሲያ ሎፔስ የሚባል እንግዳ «ሴኞር ጋርሲያ» ይባላል እንጂ «ሴኞር ሎፔስ» አይባልም። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች የመጨረሻውን ስም ብቻ በኮምፒውተር ስለሚያስገቡ እንግዳው ሲመጣ ክፍል እንዳልተያዘለት ይነገረዋል። እነርሱም በእኛ ስም ይሳሳታሉ፤ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው በእርሱ ይጠሩናል። ሠራተኛው በራሱ ስም መጠራቱ የአገሩ ወግ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይማር።

ውጤቱን መለካት

ፈተናው የቃል ትርጉም መጠየቅ የለበትም። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ሠራተኛ በስልክ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር አድርጋችሁ ድምፁን ቅዱ፤ ምንም ባይችል እንኳ ዝምታውን ቅዱ። በአሥረኛውና በሃያኛው ሳምንት ያንኑ ደግሙ። ከዚህ ጎን አሠልጣኙ የማያውቁት አንድ ስፓኒሽ ተናጋሪ በሥራ ሰዓት ደውሎ ስለ ናሙና እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ሠራተኛው መልእክቱን በትክክል ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፏል ወይስ አላስተላለፈም የሚለው በቂ መለኪያ ነው። መደበኛ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ካለ በእ.ኤ.አ. 1991 የተቋቋመው ኢንስቲትዩቶ ሴርባንቴስ የሚሰጠው ዴሌ የተባለው ዲፕሎማ ጊዜው አያልፍበትም፤ በኮምፒውተር የሚሰጠው ሲዬሌ ግን ለ5 ዓመት ብቻ ያገለግላል። ለአብዛኛው ሠራተኛ ግን ለፈተና ክፍያና ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ለተጨማሪ የክፍል ሰዓት ቢውል ይሻላል።

ሃያው ሳምንት ካለቀ በኋላ ቋንቋው እንዳይረሳ በየሳምንቱ ረቡዕ ከቡና ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ውሰዱ። አንዱ ሠራተኛ ከፋይሉ አንድ የቆየ ደብዳቤ ያወጣል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ሦስተኛው መልሱን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በዚያ ሳምንት አዲስ የገጠመ ቃል ካለ በመጋዘኑ በር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ከነመስተአምሩ፣ ከነጭረቱና ከአማርኛ ፍቺው ጋር ይመዘገባል። አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠው መጽሐፍ ያ ደብተር ይሁን።